ስፍራው ካዛንቺስ ነው

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም። ብቻዬን ነኝ፤ አንድ ነገር ልናዘዝ።

ጀማሪ እያለሁ አንድ ኤፍኤም ጣቢያ የስፖርት ዜና አነብ ነበር። የእንግሊዝ ጨዋታ ሲያልቅ ስልኬን እከፍታለሁ፣ ከድረ ገጽ ላይ እተረጉማለሁ፣ ከዚያ ድምፄን ወፈር አድርጌ «ከስፍራው የደረሰን ዘገባ እንደሚያመለክተው» እላለሁ። ስፍራው ካዛንቺስ ነው። አጠገቤ የቀዘቀዘ ማኪያቶ አለ። መብራት ሲጠፋ ስፍራውም አብሮ ይጠፋል።

ስለ ጋሽ ፍቅሩ ኪዳኔ ያነበብኩት በዚያው ሰሞን ነው። የፒያሳ ልጅ ናቸው፤ ከቀደምቶቹ የስፖርት ጋዜጠኞቻችን አንዱ። ኋላ ፓሪስ ገቡ፤ እዚያ ሆነው ስለ አፍሪካ ስፖርት ጻፉ። ደነገጥኩ። እኔ አዲስ አበባ ተቀምጬ የማወራው ስለ ማንቸስተር ነው።

የእሳቸው ዘመን ደግሞ ከባድ ነበር። በፈረንጆቹ 1976 የኒውዚላንድ ራግቢ ቡድን በዘር መድልዎ ሥርዓት፣ በአፓርታይድ፣ ወደምትገዛው ደቡብ አፍሪካ ሄዶ ተጫወተ፤ ኒውዚላንድ ግን ከኦሎምፒክ ስላልታገደች ብዙ የአፍሪካ አገሮች ሞንትሪያል ኦሎምፒክን ጥለው ወጡ። ምሩጽ ይፍጠር አልሮጠም። አራት ዓመት ጠብቆ ነው ሞስኮ ላይ በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ሁለቱንም ወርቅ ያፈሰው። እስቲ አስቡት፣ የሞንትሪያሉን ምን ብለህ ትዘግበዋለህ? ሰዓት የለ፣ ደረጃ የለ። ያልተሮጠ ሩጫ ነው።

ጋሽ ፍቅሩ ዘግበው ብቻ አልተዉትም፤ በስፖርቱ በኩል የፀረ አፓርታይዱ ትግል ውስጥ ገቡበት። በኋላም ሳማራንች ፕሬዚዳንት በነበሩበት ዘመን የዓለም አቀፉ ኦሎምፒክ ኮሚቴ የዓለም አቀፍ ትብብር ዳይሬክተር ሆኑ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ይቺ ትንሽ ትከነክነኛለች። ጋዜጠኛ የሚዘግበው ቤት ውስጥ ሲቀጠር ደስ አይለኝም። ግን ደግሞ ባርሴሎና 1992 ትዝ ይለኛል። በአፓርታይድ ምክንያት ከኦሎምፒክ ታግዳ የቆየችው ደቡብ አፍሪካ ተመልሳለች። ደራርቱ ቱሉ 10,000ውን ጨርሳ ቆማ ጠበቀች፤ ነጯ ደቡብ አፍሪካዊት ኢላና ማየር ሁለተኛ ሆና ስትገባ ተቃቀፉ፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ዞሩ። ያን ምስል ባየሁ ቁጥር ክርክሬ ይላላል።

ለማንኛውም፣ በማግስቱ ስቱዲዮ ገብቼ «ከድረ ገጽ ያገኘነው ዜና» ብዬ አነበብኩ። ስወጣ አለቃዬ በር ላይ ቆሟል።

«ምነው፣ ዘጋቢያችን ታመመ እንዴ?» አለኝ።