ነጭ ነጠላና ጥቁር ካፖርት፦ ሐረር ላይ ለጀማሪ ፎቶ አንሺዎች የተደረገ ንግግር

እንደምን ዋላችሁ! ከድሬ በጠዋት ተነስታችሁ የመጣችሁም፣ ከዚሁ ከጀጎል በእግራችሁ የመጣችሁም፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ከመናገሬ በፊት ግድግዳው ላይ የሰቀላችኋቸውን ፎቶዎች አንድ በአንድ አየኋቸው። ሁለት ጊዜ ዞርኩ። አብዛኞቹ በስልክ የተነሱ ናቸው። ይህ በጣም ደስ ብሎኛል። ዛሬ የማወራችሁ ነገር ውድ ካሜራ አይፈልግምና።

እኔ በፎቶ እንጀራ አልበላም። ሥራዬ ፋርማሲ ነው፤ ቀኑን ሙሉ መድኃኒት ሳድል እውላለሁ። ፎቶ የማነሳው ከሥራ መልስና እሁድ እሁድ ነው። ኮርስ አልወሰድኩም። የተማርኩት በመሞከር ነው። አንዱን ነገር እቀይራለሁ፣ ምን እንደመጣ አያለሁ። ከዚያ ሌላውን እቀይራለሁ።

ከእኛ በፊት እዚችው ከተማ ውስጥ እንዲሁ ሲሞክር የኖረ ሰው ነበር። ፈረንሳዊውን ራምቦን ታውቁታላችሁ። ቢያንስ በስሙ የሚጠራውን ቤት ለቱሪስት ሳታሳዩ አልቀራችሁም። ዓለም የሚያውቀው በገጣሚነቱ ነው። እዚህ ሲኖር ግን የንግድ ቤት ወኪል ነበር። ካሜራውን ከፈረንሳይ፣ ከሊዮን አስመጣ። እ.ኤ.አ. በሜይ 1883 ከሐረር ለቤተሰቡ ደብዳቤ ጻፈ። ራሱን በራሱ ያነሳቸውን ፎቶዎችም አብሮ ላከ። አንዱ ላይ ሰገነት ላይ ቆሟል። አንዱ ላይ ቡና ተክል መሃል ነው። አንዱ ላይ ደግሞ ሙዝ ተክል ውስጥ እጁን አጣምሮ ቆሟል። በዚያው ደብዳቤ ላይ ፎቶዎቹ ነጭ ሆነው እንደቀሩ ይናገራል። ምክንያቱ የሚያጥብበት ውሃ መጥፎ መሆኑ ነው ይላል። ወደፊት የተሻለ እሠራለሁ ብሎም ጽፏል።

ይህን ደብዳቤ እወደዋለሁ። ፎቶው ተበላሽቷል። እሱ ግን አልደበቀውም፤ ላከው። ለምን እንደተበላሸ አስቦበታል። የሐረር ውሃ ያኔም ጉዳይ ነበር ማለት ነው! እኛስ ዛሬም «ፎቶ አሳጠብኩ» እንል የለም? ጠብታ ውሃ ሳይነካው ከማሽን የሚወጣውን ፎቶ «አሳጠብኩ» እንላለን። ቃሉ ከዚያ ከውሃው ዘመን የቀረ ነው።

አሁን ወደ ራሴ ልመለስ። ካሜራ በገዛሁ ሰሞን የጎረቤታችን ልጅ አገባች። «አንቺ ካሜራ አለሽ፣ አንሺልን» አሉኝ። ደስ ብሎኝ ሄድኩ። ሙሽራዋ ነጭ ቬሎ ለብሳለች። ከኋላዋ በኖራ የተቀባ ነጭ ግድግዳ አለ። ፀሐዩ አናት ላይ ነው። ስቀጭ ዋልኩ። ፎቶዎቹን አሳጥቤ ወሰድኩላቸው። እናቷ አንድ በአንድ አገላበጡና ቀና ብለው አዩኝ። «ቬሎው ያምራል። ልጄ ግን የት አለች?» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። ፊቷ ጠቁሮ ዓይንና አፍንጫዋ አይለይም። ያ ጥያቄ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። ሠርግ አይደገምማ።

መጀመሪያ ካሜራውን ጠረጠርኩ። ከዚያ አንድ እሁድ ከሰዓት ቤት ቁጭ ብዬ ልሞክር አልኩ። የእናቴን ነጭ ነጠላ አልጋ ላይ ዘረጋሁ። ከጎኑ የአባቴን ጥቁር ካፖርት ዘረጋሁ። የመስኮቱ ብርሃን ለሁለቱም እኩል ነው። ቀርቤ ነጠላውን ብቻ አነሳሁ፤ ሌላ ምንም ነገር ፎቶው ውስጥ እንዳይገባ አድርጌ። ከዚያ ካፖርቱን እንደዚያው አነሳሁ። ካሜራው በአውቶ ላይ ነው፤ ብርሃኑን ራሱ ይመጥናል።

ምን ወጣ መሰላችሁ? ሁለቱም አመድማ! ነጩ ነጠላ የአመድ ቀለም ያዘ። ጥቁሩ ካፖርትም የአመድ ቀለም ያዘ። የነጠላው ጥለት ባይኖር የቱ የቱ እንደሆነ ለመለየት ትቸገራላችሁ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ሁለቱን እያፈራረቅኩ ብዙ አየኋቸው። የሠርጉ ነገር የገባኝ ያኔ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካሜራ ነጠላ ምን እንደሆነ አያውቅም። ሙሽራም አያውቅም። የሚያውቀው የብርሃን መጠን ብቻ ነው። ፊቱ ያለው ነገር ሁሉ በአማካይ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ይነሳል። የፎቶ ሰዎች ይህን ግራጫ ከሚያርፍበት ብርሃን 18 በመቶውን የሚመልስ ይሉታል። ነጭ ነገር ሲበዛበት «ብርሃኑ በዛ» ብሎ ያጨልማል። ጥቁር ሲበዛበት ደግሞ «አነሰ» ብሎ ያበራል። ቬሎውና ግድግዳው ነጭ ነበሩ። ካሜራው ሁሉንም አጨለመ። የሙሽራዋ የጠይም ፊት አብሮ ጨለመ።

ይህ ለእኛ ትንሽ ነገር አይደለም። እኛ ጠይምና ጥቁር ነን። ከተማችን ደግሞ በኖራ የተቀባ ግድግዳ የሞላባት ናት። በነገራችን ላይ፣ በፊልም ዘመን ለብዙ ዓመታት ፎቶ ማጠቢያ ቤቶች ቀለም የሚያስተካክሉበት ናሙና ካርድ ላይ የነበረችው ሴት ነጭ ነበረች። የእኛ ፊት መለኪያ አልነበረም። ስለዚህ የራሳችንን ፊት በትክክል ማንሳት እኛው መማር ያለብን ነገር ነው።

በማግስቱ የእህቴን ልጅ ነጭ ግድግዳ ሥር አስቀመጥኩት። ከረሜላ ሰጠሁትና አምስት ፎቶ አነሳሁት። ቦታው አልተቀየረም፣ ሰዓቱም አልተቀየረም። የቀየርኩት ብርሃን መጨመሪያና መቀነሻዋን ብቻ ነው። ከ−2 እስከ +2። ዜሮ ላይ ፊቱ ጨለም ብሏል። +1 ላይ ልጁ መጣ! ጉንጩ ላይ ያለችው የከረሜላ ስኳር ሳትቀር ታየች። +2 ላይ ደግሞ ግድግዳው ጠፋ። ኖራው ሲቀባ ብሩሹ የተወው መስመር ሁሉ ነጭ ወረቀት ሆነ። ስልክ ላይም ይህ አለ። ስክሪኑ ላይ ፊቱን ስትነኩ በብዙ ስልክ ትንሽ ፀሐይ ትመጣለች። ወደ ላይ ጎተት አድርጓት።

እዚህ ላይ የምለምናችሁ አንድ ነገር አለ። አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። ከፋርማሲ ምሳሌ ልስጣችሁ። አንድ ሰው ሦስት አዲስ መድኃኒት በአንድ ቀን ጀምሮ ቆዳው ቢያሳክከው የትኛው እንደሆነ በምን ያውቃል? ፎቶም እንደዚያው ነው። ቦታውንም፣ ሰዓቱንም፣ ሸተሩንም፣ ማለትም ብርሃን ወደ ካሜራው የሚገባበትን ጊዜ፣ በአንዴ ከቀየራችሁ ጥሩ ፎቶ ሊወጣላችሁ ይችላል። ግን ለምን ጥሩ እንደሆነ አታውቁም፣ ስለዚህ አትደግሙትም።

ሁለተኛውን ሙከራ የሠራሁት መኪና ግርግር ላይ ነው። የልብስ ስፌት መኪናው ድምፅ ለሰፈሩ ስም እንደሰጠው ታውቃላችሁ። አንድ ልብስ ሰፊ ጠየቅኩ። «ከሥራዬ ካላስቆምሽኝ የፈለግሽውን አንሺ» አለኝ። እኔም የምፈልገው እንዳያቆም ነው። ዓይኔን የመኪናዋ መርፌ ላይ ጣልኩ።

በመጀመሪያ ሸተሩን የሰከንድ 1/500ኛ አደረግኩት። መርፌው ቀጥ ብሎ ቆመ። ክሩ ሳይቀር ይታያል። ፎቶውን ሳሳየው ፊቱ አልፈታም። «አቦ፣ ሥራ የፈታሁ አስመሰልሽኝ እኮ!» አለኝ። እውነትም መኪናዋ የቆመች ትመስላለች። ከዚያ ወደ 1/15ኛ ዝቅ አደረግኩት። በዚህ ፍጥነት የእኔም እጅ ስለሚንቀጠቀጥ ካሜራውን የታጠፈ ጨርቅ ክምር ላይ አስደገፍኩት። አሁን መርፌው ጭስ መሰለ። ብርማ፣ ቀጭን ጭስ። ጨርቁን የያዙት ጣቶቹ ግን ቁልጭ ብለው ይታያሉ፤ ጥፍሩ ሥር ያለው የጠመኔ ብናኝ ሳይቀር። «አዎ፣ ይሄ እኔ ነኝ» አለ።

«አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ ብለሽ የለ እንዴ? ሸተሩ ሲዘገይ ብርሃኑ አይበዛም?» የምትሉኝ ካላችሁ ልክ ናችሁ። ከ1/500ኛ ወደ 1/15ኛ ስትወርዱ የሚገባው ብርሃን 32 እጥፍ ገደማ ይሆናል። ስለዚህ አይኤስኦውን፣ ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት ማለት ነው፣ ከ3200 ወደ 100 አወረድኩት። ያም 32 እጥፍ ነው። አንዱ የጨመረውን ሌላው ቀነሰው፤ የፎቶው ድምቀት እኩል ሆነ። የተለወጠው የመርፌው እንቅስቃሴ ብቻ ነው። ሸተርና አይኤስኦ እንደ ሚዛን ሁለት ጎን መሆናቸው የገባኝ እዚያ፣ ጨርቁ ላይ ተደግፌ ነው። ስልካችሁ ላይ «ፕሮ» የሚል ሞድ ካለ ይህንኑ መሥራት ትችላላችሁ። ስለ ሌንስ ቀዳዳ ዛሬ ብዙ አላወራም፤ አብዛኛው ስልክ ላይ አይቀየርም።

ስለ ቀትር ፀሐይ ግን ልናገር። እዚህ ፀሐይ ትበረታለች። በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ አካባቢ እኩለ ቀን ላይ ቀጥ ብላ አናታችን ላይ ትቆማለች። ያኔ ሜዳ ላይ ሰው ብታነሱ ዓይኑ ጥቁር ጉድጓድ ይሆናል። ለረጅም ጊዜ በቀትር ካሜራዬን አላወጣም ነበር። አንድ ቀን ግን ጀጎል ውስጥ አንዲት ጠባብ መንገድ ላይ ቆሜ አየሁ። አንዱ ግድግዳ ፀሐይ መትቶታል። ማዶው ጥላ ነው። ጥላው ውስጥ የቆመችው ልጅ ፊት ለስለስ ብሎ በርቷል። ግድግዳው ብርሃኑን እየመለሰላት ነው። ስቱዲዮ በገንዘብ የሚገዛውን መብራት ኖራው በነፃ ይሠራል። ግድግዳው አረንጓዴ ወይም ሐምራዊ ከሆነ ግን ተጠንቀቁ። ቀለሙ ፊት ላይ ያርፋል።

ማታ ጅብ ሲቀለብ ማንሳቱን ብዙዎቻችሁ ሞክራችሁታል፤ ፎቶዎቹን አይቻለሁ። ሌሊት ፍላሽ አታብሩ። ዓይናቸው ብቻ አምፖል ሆኖ ይወጣል። እንስሳቱንም አትረብሿቸው። የመኪና መብራት ካለ ከጎን ቁሙና ጠብቁ። ጅቡ ሥጋውን ከእንጨቱ ላይ ሊይዝ ሲል ለአፍታ ይረጋል። ያቺን አፍታ ያዙ።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ግን ሰው ነው። ጀጎል ውስጥ የሚኖር ሰው በካሜራ ተሰላችቷል። በሩን ሲከፍት ሌንስ፣ ገበያ ሲወጣ ሌንስ። ስለዚህ ጠይቁ። «አይሆንም» ካሏችሁ አመስግናችሁ እለፉ። «እሺ» ካሏችሁ ፎቶውን አሳጥባችሁ ውሰዱላቸው። ለልብስ ሰፊው መርፌዋ የጨሰችበትን ፎቶ ወስጄለት ነበር። ከመኪናው በላይ ለጥፎታል። አሁን ሳልፍ እሱ ነው የሚጠራኝ፤ «ዛሬ ብርሃኑ ጥሩ ነው፣ ነይ» እያለ።

የተበላሹትንም ፎቶዎች አታጥፏቸው። የፎቶውን ዝርዝር ስትከፍቱ ስልኩ ሸተሩንና አይኤስኦውን ጽፎ ታገኙታላችሁ። ምን ፈልጋችሁ እንደሞከራችሁት ግን አይጽፍም። እሱን በደብተር እናንተ ጻፉ። እኔ የሙሽራዋን ፎቶዎች እስከ ዛሬ አልጣልኳቸውም። ከሁለት ዓመት በኋላ ልጅ ስትወልድ ጠርታኝ ነበር። ግድግዳው ያው ነጭ ግድግዳ ነው። +1 አድርጌ አነሳኋቸው። አያትየው ፎቶውን ይዘው ብዙ ቆዩ። ምንም አላሉኝም። ቡና አፈሉልኝ።

ነገ እሁድ ነው። ከቻላችሁ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ኤረር በር እንገናኝ። ፀሐይ የምትወጣው በዚያ በኩል ነው። እያንዳንዳችሁ አንድ ቦታ ትመርጣላችሁ፤ ከዚያ ንቅንቅ የለም። በየ10 ደቂቃው አንድ ፎቶ፣ እስከ 2 ሰዓት። የሚቀየረው ብርሃኑ ብቻ ይሁን። ከዚያ ቁርስ እየበላን ጎን ለጎን እናያቸዋለን። ስልካችሁን ማታውኑ ቻርጅ አድርጉት፤ ደብተርና እስክሪብቶም እንዳትረሱ።

አመሰግናለሁ።