የየትኛው ዛፍ ማር ነው?

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። የማወራችሁ ስለ ማር ነው። በተለይ ቦንጋ ውስጥ ስላለ አንድ የቤተሰብ ማር ሱቅ።

ቦንጋ የሚሄድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚሄደው ለቡና ነው። ልክ ነው፤ አገሩ ካፋ ነዋ። ብሔራዊው የቡና ሙዚየም እዚያ ነው። ደኑም በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ሪዘርቭ፣ ማለትም ሰው እየኖረበት ተፈጥሮው የሚጠበቅ አካባቢ፣ ሆኖ ተመዝግቧል። ፏፏቴ አለ፣ የተፈጥሮ ድልድይ አለ። አስጎብኚዎች እነዚህን ጥሩ አድርገው ያሳያሉ። ማር ሱቅ ግን ሲመለሱ ትንሽ ጎራ የሚባልበት ቦታ ነው። ይወረዳል፣ ፎቶ ይነሳል፣ አንድ ኪሎ ይገዛል፣ ይኬዳል። እኔ ግን ከዚያ ጉዞ ሁሉ ልቤ ውስጥ የቀረው እሱ ነው። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ሱቁ የመኖሪያ ቤቱ የፊት ክፍል ነው። እናትየው ይሸጣሉ። ልጃቸው ያጣራል፣ ያሽጋል። አባትየው ጫካ ናቸው፤ ቀፎ የሚሰቅሉት እሳቸው ናቸው። መደርደሪያው ላይ ሦስት ዓይነት ማር ተደርድሯል፦ ነጭ፣ ቀላ ያለ፣ ወደ ጥቁር የሚያደላ። አብሮን የነበረ አንድ ሰው ገና ሳይቀመጥ፣ "እማማ፣ ንጹሁ የቱ ነው?" አላቸው።

"ሁሉም የኛው ነው ልጄ። መጀመሪያ ቅመስ" አሉት።

ከነጩ አስጀመሩን። የጌተም ማር ነው። ጌተም የደቡብ ምዕራብ ደን ትልቅ ዛፍ ነው፤ ሲያብብ ንቡ ሁሉ ወደሱ ይነጉዳል። ማሩ እንደ ለጋ ቅቤ የረጋ ነው። ጣዕሙ ለስለስ ያለ ነው፣ ጉሮሮ አይከረክርም። ቀጥሎ የብሳናው መጣ፤ ቀላ ያለ፣ ጠንከር ያለ። መጨረሻ ላይ የግራዋው። ግራዋን ታውቁታላችሁ፣ የጠላ ጋን የሚታጠብበት መራራ ቅጠል። ማሩም ያንን ምሬት ይዞ ይመጣል። መጀመሪያ ይጣፍጣል፤ ትንሽ ቆይቶ ምላስ ሥር መረር ይላል። አንዳንዶቻችን ፊታችን ተጨማደደ። እኔ ግን ከሦስቱ ይሄኛውን ወደድኩት፣ እስካሁንም ይናፍቀኛል። ቅደም ተከተሉም ዝም ብሎ አይደለም፤ ጥቁሩን ካስቀደማችሁ የጌተሙ ጣዕም ይጠፋባችኋል።

ታዲያ ያ ሰውዬ ነጩን በማንኪያ አገላበጠና "ይሄማ ስኳር ገብቶበታል፣ ረግቷል እኮ" አለ። እናትየው አልተቆጡም። "ማር ይረጋል ልጄ። የጌተም ማር ደሞ ቶሎ ነው የሚረጋው" አሉት። በቃ፣ ይቺው ነች መልሳቸው።

እውነታቸውን ነው። ማር ውስጥ በዋናነት ሁለት ዓይነት ስኳር አለ፦ ግሉኮስና ፍሩክቶስ። ግሉኮሱ ከውሃው እየተለየ ሲጠጥር ማሩ ይረጋል። ግሉኮሱ የበዛ ማር ቶሎ ይረጋል፤ ያ ደግሞ በአበባው ይወሰናል። የኑግ ማርም ቶሎ ይረጋል። ቀዝቀዝ ያለ አየር ሲጨመርበት ደግሞ ይፈጥናል። ስለዚህ መርጋቱ የጥፋት ምልክት አይደለም።

ማጭበርበር የለም እያልኩ አይደለም። አለ፣ ብዙ ሰውም ተቃጥሎበታል። ግን በክብሪት መለኮስ፣ ወረቀት ላይ ማንጠባጠብ፣ ውሃ ውስጥ መጣል፣ እነዚህ የቤት መፈተኛዎች ሁሉ ቢበዛ የማሩን ውፍረት ነው የሚነግሯችሁ። ስኳር መቀላቀሉን አስተማማኝ በሆነ መንገድ የሚለየው ላቦራቶሪ ነው። ሱቅ ውስጥ ቆሞ "ንጹህ ነው?" ብሎ መጠየቅም የትም አያደርስም። ሐቀኛውም አጭበርባሪውም "አዎ" ነው የሚለው። እኔ ከዚያ ወዲህ የምጠይቀው ሌላ ነው፦ የየትኛው ዛፍ ነው? መቼ ተቆረጠ? ማሩን ራሱ ያመረተ ቤተሰብ ለዚህ መልስ አያጣም። እናትየውም "የግራዋው ከገና በኋላ የተቆረጠ ነው፣ የጌተሙ የግንቦት" ብለው ነገሩን።

አሁን ወደ ጫካው ልውሰዳችሁ። በካፋና በሸካ አካባቢ ደኑን ለማር ተከፋፍሎ የመያዝ የቆየ ሥርዓት አለ። ኮቦ ይባላል። አንድ ቤተሰብ የራሱ የሆነ የደን ክልል ይኖረዋል፤ እዚያ ውስጥ ቀፎ የመስቀል መብት የሱ ነው። ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል። ቀፎው ረጅም ዛፍ ላይ ይሰቀላል። በገመድ ነው የሚወጡት። ማሩን የሚቆርጡት በጨለማ ነው፣ በአንድ እጅ ጭስ ይዘው፣ ያን ሁሉ ከፍታ ላይ ተንጠልጥለው። ልጁ "አባዬ አሁን እየደከመ ነው፤ ግን ትልልቆቹን ዛፎች እስካሁን ለኔ አይለቅልኝም፣ ራሱ ነው የሚወጣው" አለኝ። ኩራትም ስጋትም ነበረበት ድምፁ ላይ።

እዚህ ጋ ነው ነገሩ የገባኝ። ጌተሙ ከተቆረጠ የጌተም ማር የለም። ያ ቤተሰብ ዛፉን የሚጠብቀው የሚበላው ከሱ ስለሆነ ነው። ማሩ ካላበላው ግን ዛፉ ጣውላ ይሆናል፣ ከሰል ይሆናል፤ ወይ ደኑ ለቡና ይመነጠራል።

ማሩ ደግሞ ብዙ ጊዜ አያበላም። አብዛኛው የአገራችን ማር የሚሄደው ወደ ጠጅ ነው። ነጋዴ ከገበሬው ሲሰበስብ የጌተሙንም፣ የብሳናውንም፣ የግራዋውንም አንድ ጀሪካን ውስጥ ይገለብጠዋል፣ ባንድ ዋጋ። መሸጫ የሌለው ንብ አናቢ ምን ምርጫ አለው? ያቺ የፊት ክፍል ትልቅ ነገር የምትሆንብኝ ለዚህ ነው። ማሩን በየዛፉ ለይተው ያስቀመጡት እዚያ ነው። ለይተው ስላስቀመጡት ዋጋውንም ራሳቸው ይቆርጣሉ።

ያ ሰውዬ መጨረሻ ላይ ዋጋ ሲከራከር በጣም ነው የከፋኝ። ሱፐርማርኬት ውስጥ ከውጭ የመጣ ማር ስናነሳ ዋጋ አንከራከርም። ገመድ ላይ ተንጠልጥሎ የተቆረጠውን ግን "ቀንሱልኝ" እንላለን። እባካችሁ፣ እዚያ ስትደርሱ የተባላችሁትን ክፈሉ።

ለመያዣ ክዳኑ ጥሩ የሚገጥም ዕቃ ይዛችሁ ሂዱ። ማሩ ቤት ስትደርሱ ከረጋባችሁ እሳት ላይ አትጣዱት፣ መዓዛው ይጠፋል። ከነዕቃው ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አስቀምጡት፣ ቀስ ብሎ ይፈታል። እኔ ግን እንደረጋ ዳቦ ላይ ነው የምቀባው።

አስጎብኚዎችም የምትሰሙኝ ካላችሁ አንድ ልመና አለኝ። ማር ሱቁ ጋ እንግዶቻችሁን ገና ከመኪና ሳታወርዱ ሰዓት አትቁጠሩ። ከፏፏቴው ሰዓት ትንሽ ቀንሳችሁ ለዚህ ስጡት። እናትየው ሦስቱንም በየተራ ያስቀምሷቸው። አባትየው ከጫካ ተመልሰው ካገኛችኋቸው ደግሞ እንግዶቻችሁን አጠገባቸው አስቀምጡና እሳቸው ያውሩ፣ እናንተ አስተርጉሙ።

በሉ፣ በሚቀጥለው ክፍል እንገናኝ። ደህና ሁኑልኝ።