የፊት መብራቷ ስቲከር የሆነ መኪና፦ ናስካር ተመልካቹን እንዴት አጣ?

[ምስል፦ የውድድር ካምሪ ከፊት ለፊት፤ ካሜራው እስከ መብራቷ ይጠጋል]

ይህችን ካምሪ ጠጋ ብላችሁ እዩልኝ። ዲሲ ውስጥ ታክሲ የነዳ ሰው ካምሪን ከእኔ በላይ ያውቃታል። ይህችን ግን አያውቃትም። የፊት መብራቷ አይበራም፤ የተለጠፈ ስቲከር ነው። የሚከፈት በር የላትም፤ ሾፌሩ የሚገባው በመስኮት ሾልኮ ነው። ኮፈኗን ብትከፍቱ 8 ሲሊንደር ሞተር ታገኛላችሁ። ቶዮታ ደግሞ ባለ 8 ሲሊንደር ካምሪ ለገበያ አውጥቶ አያውቅም። እንዲያውም ከ2025 ሞዴል ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ የምትሸጠው አዲስ ካምሪ ሃይብሪድ ብቻ ናት።

የምትወዳደርበት ስፖርት ስሙ «ስቶክ ካር» ይባላል። ስቶክ ማለት እንዳለ፣ ያልተነካካ፣ ከመደብር የወጣ ማለት ነው።

እንግዲህ ጉዳችን እዚህ ይጀምራል። ቀኖቹንና ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው የምጠራው።

[ምስል፦ ሁለት ቁጥሮች በጥቁር መደብ ላይ]

ናስካር የአሜሪካ ትልቁ የስቶክ ካር ውድድር ነው። ትልቁ ቀኑ ደግሞ በየካቲት ወር ፍሎሪዳ የሚካሄደው ዴይቶና 500 ነው። በ2006 ይህን ውድድር በቴሌቪዥን ያየው ሰው በአማካይ 19 ሚሊዮን ገደማ ነበር። በ2025 ግን 7 ሚሊዮን አልሞላም። እርግጥ ያን ቀን ዝናብ አቋርጦታል። ግን ዝናብ 12 ሚሊዮን ሰው ጠርጎ አይወስድም።

«ቴሌቪዥን ራሱ ተመልካች አጥቷል» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ፣ አጥቷል። በዚያው በ2025 ግን የአሜሪካን ፉትቦል ፍጻሜ ከ120 ሚሊዮን በላይ ሰው አይቶታል። ስለዚህ ሁሉን ነገር በቴሌቪዥን ማሳበብ አያዋጣም።

እኔ የማምነው ሌላ ነው። ናስካር አገሩን ሁሉ ላዳርስ ብሎ ሲወጣ ሰፈሩን አጣ። ይህን ለመረዳት ሰፈሩን ማወቅ አለብን።

[ምስል፦ የተራራ ጠመዝማዛ መንገድ፣ ማታ፣ ያረጀ ፎርድ]

ሰፈሩ ኖርዝ ካሮላይና ነው፤ ተራራማው ዊልክስ ካውንቲ። እዚያ ገበሬው ከበቆሎ አረቄ ያወጣል። ግብር አይከፍልበትም፣ ስለዚህ ሌሊት ይጫናል። መኪናዋ ከውጭ ስትታይ ተራ ፎርድ ናት። ሞተሯ ግን ተነካክቷል። ባሌስትራዋም ተጠናክሯል፤ ጭነቱ ሲከብድ ኋላዋ ረግቦ ፖሊስ እንዳይነቃ።

የሌሊቶቹ ሾፌሮች እሁድ ቀን ሜዳ ላይ እርስ በርስ መወዳደር ጀመሩ። ቢል ፍራንስ የሚባል ሰው ነገሩን ሥርዓት ሊያስይዝ በታኅሣሥ 1947 ዴይቶና ውስጥ ሆቴል ቤት ስብሰባ ጠራ። በ1948 ናስካር ተመሠረተ።

የመጀመሪያው የስቶክ መኪኖች ውድድር በሰኔ 1949 ሻርለት ከተማ ተካሄደ። ግሌን ደናዌይ አንደኛ ገባ። ከዚያ ፈታሾቹ ከመኪናው ሥር ገቡ። ባሌስትራው ተነካክቷል! የአረቄ መኪና ነበረች። ድሉ ተነጠቀና ሁለተኛ ለገባው ለጂም ሮፐር ተሰጠ። የመኪናዋ ባለቤት ክስ መሠረተ፤ ተረታ። ያኔ ስቶክ ማለት ስቶክ ነበር።

ጁኒየር ጆንሰንንም ላስተዋውቃችሁ። የዊልክስ ልጅ ነው። በ1956 ከአባቱ የአረቄ ማውጫ አጠገብ ተይዞ ታሰረ። ሲፈታ ወደ ውድድሩ ተመለሰ፤ በሾፌርነቱ 50 ጊዜ አሸነፈ። በ1986 ፕሬዚዳንት ሬገን ምሕረት አደረጉለት። የአካባቢው ሰው እንዲህ ዓይነቱን ሾፌር የሚደግፈው በማሊያ ቀለም አይደለም። አባቱን ያውቀዋል፣ አረቄውንም ሳይቀምስ አልቀረም።

[ምስል፦ በረዶ የሸፈነው መንደር፤ ቀጥሎ ሣር ላይ የሚደባደቡ ሰዎች]

የካቲት 18 ቀን 1979። ዴይቶና 500 ከመነሻው እስከ መጨረሻው ለመጀመሪያ ጊዜ በቀጥታ በቴሌቪዥን ይተላለፋል። በዚያው ቀን የምሥራቅ አሜሪካ ትልቅ ክፍል በበረዶ ተዘግቷል። ሰው ከቤት መውጣት አይችልም፤ ጣቢያው ደግሞ ጥቂት ነው። በመጨረሻው ዙር ሲመሩ የነበሩት ኬል ያርብሮ እና ዶኒ አሊሰን ተጋጭተው ከሜዳ ወጡ። ከኋላ የነበረው ሪቻርድ ፔቲ አልፏቸው ዋንጫውን ወሰደ። ሁለቱ ከመኪና ወረዱ። የዶኒ ወንድም ቦቢም ደረሰ። ከዚያ ቡጢ።

አሜሪካ በፒጃማ ተቀምጣ ይህን አየች። ከዚህ የበለጠ ማስታወቂያ በገንዘብ አይገዛም።

ቀጣዮቹ 20 ዓመታት የሰርግ ዓመታት ነበሩ። ዴል ኧርንሃርት በጥቁሯ 3 ቁጥር መኪና፣ ወጣቱ ጄፍ ጎርደን፣ በየሄዱበት የሞላ መቀመጫ። የቴነሲው ብሪስቶል መም ከ1982 ጀምሮ 55 ጊዜ በተከታታይ ትኬቱ አልቋል።

[ምስል፦ ሣር የበቀለበት አስፋልት፣ የዛገ አጥር]

ሰርጉ ሲደምቅ ድግሱ ወደ ሌላ ሰፈር ተዛወረ። ኖርዝ ዊልክስቦሮ የሚባለው መም በዚያው በዊልክስ ካውንቲ ነው ያለው። ከናስካር ይቀድማል፤ የተከፈተው በ1947 ነው። አንድ ዙሩ ከ5/8 ማይል አይበልጥም። አስቂኝ ነገር አለው፦ አንደኛው ቀጥታ ቁልቁለት ነው፣ ሌላኛው ዳገት። ትንሽ ነው፣ ያረጀ ነው፣ ሌላ ቦታም አይገኝም።

በ1995 መሙን የመሠረተው ሰው ሞተ። ሁለት ባለሀብቶች ግማሽ ግማሹን ገዙት። አስፋልቱን ፈልገው አልነበረም። የፈለጉት በዓመት የነበሩትን ሁለት የውድድር ቀኖች ነው። አንዱ ቀን ወደ ቴክሳስ ሄደ፣ ሌላው ወደ ኒው ሃምፕሻየር። መስከረም 1996 ጄፍ ጎርደን የመጨረሻውን ውድድር አሸነፈ፤ በሩ ተቆለፈ።

በእነዚያ ዓመታት ከካሊፎርኒያ እስከ ካንሳስ አዳዲስ መሞች ተሠሩ። ብዙዎቹ አንድ ማይል ተኩል የሚሆኑ፣ ከአንድ ሻጋታ የወጣ ብሎኬት የሚመስሉ። ቴሌቪዥን ከፍታችሁ «ይህ የት ነው?» ብትሉ ከጽሑፉ በቀር የሚነግራችሁ የለም። ካሊፎርኒያ የተሠራው ራሱ ከ2023 በኋላ ተዘጋ። ሰፈሩን ለቆ የሄደለት ከተማ አብሮት አልቆየም።

[ምስል፦ ጥቁር መኪና፤ ድምፅ የለም]

በዚህ መሃል የካቲት 18 ቀን 2001 መጣ። ያ የበረዶ ቀን 22 ዓመት የሞላው ዕለት ነው። በዴይቶና 500 የመጨረሻ ዙር፣ የመጨረሻው መታጠፊያ ላይ፣ ኧርንሃርት ከግድግዳው ጋር ተላተመ፤ ሕይወቱም አለፈ። 49 ዓመቱ ነበር። ከፊቱ አንደኛና ሁለተኛ የወጡት የራሱ ቡድን መኪኖች ነበሩ፤ ሁለተኛ የወጣው የገዛ ልጁ ነው።

ከዚያ በኋላ አንገት የሚይዝ መሣሪያ ግዴታ ሆነ፤ ግድግዳው ግጭት እንዲያበርድ ተደርጎ ተሠራ። ከዚያ ቀን ወዲህ በዋናው ውድድር የሞተ ሾፌር የለም። ይህን ማንም ሊያጣጥል አይገባም። ተመልካቹ ወዲያው አልሸሸም፤ እንዲያውም ጨመረ። ግን ሥራውን ጨርሶ የመጣ መካኒክ የሚመስለው ጀግና አለፈ። ቦታውን የያዙት ስፖንሰር ያሠለጠናቸው፣ ማይክ ሲቀርብላቸው የኩባንያ ስም የሚደረድሩ ልጆች ናቸው። ጂሚ ጆንሰን ከ2006 እስከ 2010 አምስት ዓመት በተከታታይ ሻምፒዮን ሆነ። ድንቅ ሾፌር ነው፣ ጨዋም ነው። ይልቅ አንድ ጊዜ እንኳ ቢደባደብ ኖሮ!

አሁን ደግሞ ደጋፊውን ከሁሉ በላይ ወዳበገነው ነገር እንግባ። የነጥብ አቆጣጠሩ ነው።

[ምስል፦ የነጥብ ሰንጠረዥ፤ ቁጥሮቹ ይጠፋሉ]

ድሮ የዓመቱን ነጥብ የሰበሰበ ዋንጫ ይወስዳል። በቃ። በ2003 ማት ኬንሴት አንድ ውድድር ብቻ አሸንፎ ሻምፒዮን ሆነ። «አሰልቺ ነው» ተባለ። በ2004 የመጨረሻዎቹ 10 ውድድሮች ዋንጫውን እንዲወስኑ ለብቻ ተቆረጡ። ከዚያ ተሻሻለ፣ ደግሞ ተሻሻለ። በ2014 በየጥቂት ውድድሩ ሰው እየተቀነሰ ማለፍ መጣና አራት ሰው ብቻ ለመጨረሻው ቀን እንዲደርስ ተደረገ።

በእግር ኳስ ላስረዳችሁ። አርሴናል ዓመቱን ሙሉ ሊጉን መራ እንበል። በመጨረሻው ሳምንት «ነጥብ ተሰርዟል፤ አራት ክለቦች እኩል ናችሁ፤ ዛሬ የቀናው ዋንጫውን ይውሰድ» ይባላል። የአርሴናል ደጋፊ የሆናችሁ ከወዲሁ ሆዳችሁ ሲታመም ይታየኛል።

[ምስል፦ ፊኒክስ፣ የምሽት ብርሃን]

ኅዳር 2 ቀን 2025፣ ፊኒክስ፣ አሪዞና። ዴኒ ሃምሊን 44 ዓመቱ ነው። 60 ውድድር አሸንፏል፤ በ20 ዓመት ውስጥ ግን አንድም ጊዜ ሻምፒዮን ሆኖ አያውቅም። ያን ቀን ለ312 ዙር ከታቀደው ውድድር 208ቱን መራ። ሦስት ዙር ቀረው።

ከኋላ የአንድ መኪና ጎማ ፈነዳ። ቢጫ ባንዲራ ወጣ፤ ሁሉም ፍጥነት ቀንሶ ተሰለፈ። ጎማ ለመቀየር ገቡ። የሃምሊን ቡድን አራቱንም ቀየረ። የካይል ላርሰን ቡድን ሁለት ብቻ። ሁለት ጎማ የቀየረ ቀድሞ ይወጣል። ሃምሊን ከብዙ መኪና ኋላ ተገኘ፤ በተጨመረችው ሁለት ዙር ስድስተኛ ከመግባት አላለፈም። ላርሰን ሦስተኛ ወጣ፤ ለዋንጫው ከደረሱት ከአራቱ የቀደመው እሱ ስለሆነ ሻምፒዮን ተባለ። ያን ቀን አንድም ዙር አልመራም። ከግንቦት ወር ጀምሮም አንድ ውድድር አላሸነፈም ነበር።

ላርሰን ሕጉን አልጣሰም፤ የተሰጠውን ተጫወተ። ግን 36 ሳምንት የተከታተለ ሰው ምን ይባላል? «ምን አስለፋኝ?» ቢል ይፈረድበታል?

[ምስል፦ ባዶ መቀመጫዎች፣ ብሪስቶል]

መኪናዋም አለች። በ2007 አዲስ መኪና መጣች፤ ለደኅንነት የተሻለች፣ ከኋላ ክንፍ የተተከለባት። ፎርድም ሆነች ሼቭሮሌት አንድ መሰሉ። የመጀመሪያውን ውድድር በእሷ ያሸነፈው ሾፌር ራሱ ድሉን እያከበረ መኪናዋን ሰደባት። በ2008 ደግሞ ነዳጅ ተወደደ፣ ኢኮኖሚው ወደቀ። የናስካር ደጋፊ ብዙ ሰዓት ነድቶ፣ ሜዳ ላይ አድሮ የሚያይ ሰራተኛ ነው። መጀመሪያ የቀረው እሱ ነው። በመጋቢት 2010 የብሪስቶል 55 ጊዜ ትኬት ማለቅ አበቃ። ዴይቶና በ400 ሚሊዮን ዶላር ታድሶ ሲጨርስ መቀመጫው ተቀንሶ 101,500 ገደማ ሆነ።

«ተመልካቹ የሸሸው በ2020 የኮንፌደሬሽኑን (በእርስ በርስ ጦርነቱ ለባርነት የተዋጋውን የደቡቡን ወገን) ባንዲራ ስለከለከሉ ነው» የሚሉ አሉ። ቀኑ አይገጥምም። ቁልቁለቱ የጀመረው ከዚያ 15 ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ ነው። ይልቅ ባንዲራው ስንቱን አስቀርቷል ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ጥቁሩ ሾፌር ዌንደል ስኮት በ1963 ጃክሰንቪል ላይ ሲያሸንፍ መጀመሪያ አሸናፊ ተብሎ የታወጀው ሌላ ሾፌር ነበር። ዋንጫው ለቤተሰቡ የተሰጠው በ2021 ነው፤ እሱ ከሞተ በኋላ።

ይህ ሁሉ ሆኖ ገንዘቡ አልነጠፈም። ከ2025 እስከ 2031 ያለው የቴሌቪዥን ውል 7.7 ቢሊዮን ዶላር ነው። ሰው በሰዓቱ ተቀምጦ የሚያየው የቀረው ቀጥታ ስፖርት ስለሆነ ጣቢያዎቹ ይሻሙበታል። ችግሩ ውሉ ተሸንሽኗል፤ ፎክስ፣ አማዞን፣ ቲኤንቲ፣ ኤንቢሲ። አያታችሁ ዊልክስ ካውንቲ ቢኖሩ ኖሮ በየእሁዱ የልጅ ልጅ ጠርተው «የዛሬው የት ነው?» ማለታቸው አይቀርም።

[ምስል፦ ያው ሣር የበቀለበት መም፤ አሁን ሰዎች ሣር እየነቀሉ]

በታኅሣሥ 2019 የኧርንሃርት ልጅ ዴል ጁኒየር ጓደኞቹን ይዞ ኖርዝ ዊልክስቦሮ ሄደ። ሣርና ቁጥቋጦ ነቀሉ። ዓላማቸው መሙን በሌዘር ቃኝተው ቢያንስ በኮምፒውተር ጨዋታ ላይ እንዲተርፍ ነበር። በኋላ የክልሉ መንግሥት 18 ሚሊዮን ዶላር መደበ። ግንቦት 2023 ናስካር ተመለሰ፤ በዚያች ዳገትና ቁልቁለት ላይ ካይል ላርሰን አሸነፈ። ለነጥብ የሚቆጠር ውድድር ደግሞ ለ2026 መርሐ ግብር ተይዞለታል። የአንድ ቀኑ የዋንጫ ፍጻሜም ከ2026 ጀምሮ ተሰርዟል፤ የመጨረሻዎቹ 10 ውድድሮች ነጥብ ተደምሮ ይቆጠራል።

[ምስል፦ ሦስት መኪኖች ጎን ለጎን፣ መስመሩ ላይ]

አትላንታ ላላችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁና ልጨርስ። መሙ ከከተማው ወደ ደቡብ ሃምፕተን ነው። በየካቲት 2024 እዚያ ሦስት መኪኖች ጎን ለጎን መስመሩን አቋረጡ። ሜክሲኳዊው ዳንኤል ሱዋሬዝ በ0.003 ሰከንድ ቀደመ፤ በዓይን ማን እንዳሸነፈ መለየት አይቻልም ነበር። ከሄዳችሁ የጆሮ መድፈኛ አትርሱ፤ ቀልድ አይደለም። ብዙዎቹ መሞች ደግሞ ምግብ ከቤት ይዞ መግባት ይፈቅዳሉ። ጥብሱን በዕቃ ቋጥራችሁ ሂዱ፤ አጠገባችሁ የተቀመጠው ሰውዬ ሽታው ሲደርሰው «ምንድን ነው?» ማለቱ አይቀርም።