የጥበብ ጥርስ ከተነቀለ በኋላ

የተከበራችሁ የጅማ ነዋሪዎች፣ ወላጆችና ወጣቶች፤ እንደምን ዋላችሁ!

የጥበብ ጥርስ የምንለው አብዛኛውን ጊዜ ከ17 እስከ 25 ዓመት ባለው ዕድሜ ብቅ የሚለውን የመጨረሻውን መንጋጋ ነው። ቦታ ካጣ ድድና አጥንት ውስጥ ተጋድሞ ይቀራል። ግማሹ ብቻ ሲወጣ ደግሞ ድዱ ሥር ምግብ እየገባ ያመረቅዛል፤ አፍ እንደ ልብ አይከፈትም። ሁሉም ግን ይነቀል ማለት አይደለም፤ ራጅ ታይቶ ይወሰናል። የታችኛው ጥርስ ሥር ለከንፈርና ለአገጭ ስሜት ከሚሰጠው ነርቭ ምን ያህል እንደሚርቅም የሚታየው በራጅ ነው።

በቀዶ ሕክምናው ቦታው ሊዶኬይን በተባለ ማደንዘዣ ይደነዝዛል። ሕመሙ ይጠፋል፣ ግፊቱ ግን ይሰማል፤ ስለዚህ አትደንግጡ። ድዱ ተቀዶ ይገለጣል፤ ጥርሱን የሸፈነው አጥንት በመሰርሰሪያ ይነሳል፤ አጥንቱ በሙቀት እንዳይጎዳ ሳላይን (ንጹሕ የጨው ውሃ) ይፈስበታል። ጥርሱ ተከፋፍሎ ቁራጭ በቁራጭ ስለሚወጣ ብዙ አጥንት ማንሳት አያስፈልግም። ከዚያ ታጥቦ ይሰፋል።

ከዚህ በኋላ ያለው ኃላፊነት በአብዛኛው የእናንተ ነው። ጉድጓዱ ውስጥ የሚረጋው ደም እርቃኑን የቀረውን አጥንት የሚሸፍን ነው። እሱ ከተነሳ በ3ኛው ቀን ገደማ ወደ ጆሮ የሚወጋ ከባድ ሕመምና መጥፎ ጠረን ይመጣል። ይህን አንቲባዮቲክ አያስታግሠውም፤ ታጥቦ መድኃኒት ሊደረግበት ይገባል።

እዚህ ከተማ ስለ ጫት ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ጉንጭ ውስጥ ይዞ መምጠጡ የረጋውን ደም ይስባል፣ ቅጠሉም ቁስሉ ውስጥ ይቀራል። ቢያንስ ለአንድ ሳምንት ተዉት፤ ሲጋራና ሺሻም እንዲሁ። ቅማችሁ ለቀዶ ሕክምና አትምጡ፤ የልብ ምትና የደም ግፊት ከፍ ይላል፣ ከማደንዘዣው ጋር ያለው አድሬናሊንም ያባብሰዋል። ከቃማችሁ ደግሞ እባካችሁ አትደብቁን። ቡናን አንከለክልም፤ በመጀመሪያው ቀን ግን ትኩስ አትጠጡ።

ቁስሉ ላይ የሚደረግላችሁን ጋዝ (ደም የሚመጥ ንጹሕ ጨርቅ) ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ነክሳችሁ ያዙ፤ ደጋግማችሁ አትትፉ። እብጠቱ በ2ኛውና በ3ኛው ቀን ቢብስ የሚጠበቅ ነው። ከ24 ሰዓት በኋላ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ በጥብጣችሁ፣ ሳትጉመጠመጡ አፋችሁን ዘንበል እያደረጋችሁ እጠቡ። የቀዘቀዘ አጥሚትና እርጎ ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ይበቃል።

ጋዝ ነክሳችሁ ደሙ ካልቆመ፣ ከ3ኛው ቀን በኋላ እብጠቱ ከጨመረ ወይም ትኩሳት ከመጣ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ተመለሱ። መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገራችሁ ግን ሌሊትም ቢሆን በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።