ሞትን የናቀው ፈላስፋ ለምን ዝክር አዘዘ?

(ምስል፦ የአቴና ፍርስራሽ፤ ቀጥሎ የተጠቀለለ ፓፒረስ)

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 17 ላይ፣ ጳውሎስን አቴና ውስጥ ከተከራከሩት መካከል የኤፊቆሮስ ወገን የተባሉ ፈላስፎች ይገኙበታል። ስሙን ያወረሳቸው ሰው በዚያን ጊዜ ከሞተ ከ300 ዓመት በላይ ሆኖታል። ኤፊቆሮስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ341 ዓመት በሳሞስ ደሴት ተወልዶ፣ ኋላ በአቴና «የአትክልት ስፍራ» በሚባል ግቢ ውስጥ ሴቶችና ባሮች ጭምር የሚማሩበት ትምህርት ቤት ያቋቋመ ሰው ነው። ሆዳም ነበር የሚለው ወሬ ስም ማጥፋት ይመስለኛል፤ ድግስ ባማረው ጊዜ የሚበላው ትንሽ አይብ እንዲላክለት ወዳጁን በደብዳቤ የለመነ ሰው ነውና።

ስለ ሞት ያስተማረው ትምህርት አጭር ነው። ደጉንም ክፉውንም የምናውቀው በስሜታችን ነው፤ ሞት ደግሞ ስሜትን ጨርሶ ያጠፋል። እኛ ሳለን ሞት የለም፤ ሞት ሲመጣ እኛ የለንም። ስለዚህ ሞት ለእኛ ምንም አይደለም።

(ምስል፦ በፓፒረስ ላይ የሚጽፍ እጅ)

አሁን ኑዛዜውን እንመልከት። የፈላስፎችን ሕይወት የጻፈው ዲዮጋን ላኤርቲዮስ ባቆየልን በዚህ ኑዛዜ፣ ኤፊቆሮስ ግቢው ለተተኪው ለሄርማርኮስና አብረውት ለሚፈላሰፉት መኖሪያ እንዲሆን ያዝዛል፤ አንዲት ሴት ያለችባቸውን አራት ባሮች ነጻ ያወጣል፤ ልደቱ በየዓመቱ እንዲከበርም ገንዘብ ይመድባል። ከዚያም ወዳጆቹ በየወሩ፣ ወር በገባ በ20ኛው ቀን፣ እርሱንና ከእርሱ ሰባት ዓመት ቀድሞ የሞተውን ወዳጁን ሜትሮዶሮስን ለማሰብ የሚሰበሰቡት ጉባኤ እንዳይቋረጥ ያሳስባል። የሃያ አንድ ማርያም ማኅበርተኛ የሆነ ሰው ይህን ሲሰማ ብዙም አይደነቅ ይሆናል፤ ፈላስፋውን ለሚያውቅ ሰው ግን ነገሩ እንቆቅልሽ ነው።

ሮማዊው ሲሴሮ ይህን ቀዳዳ አይቶ አላለፈውም። ከሞት በኋላ ያለው ነገር ሁሉ አይመለከተንም ብሎ ያስተማረ ሰው፣ ከሞተ በኋላ ስለሚደገስለት ድግስ ይህን ያህል ተጠንቅቆ መናዘዙ ትምህርቱን በገዛ እጁ ማፍረስ ነው ሲል ነቅፎታል።

ነቀፋው ብርቱ ነው፤ ግን አንዲት ቃል ያመለጠችው ይመስለኛል። «ሞት ለእኛ ምንም አይደለም» በሚለው ውስጥ «እኛ» የሚባለው ማን ነው? ለቅሶ ቤት ስንገባ ሁለት ቃል እንናገራለን፤ «ነፍስ ይማር» ለሞተው ነው፤ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ለቀሩት ነው። የኤፊቆሮስ ክርክር፣ እውነት ነው ብንል እንኳ፣ የሚናገረው ስለ ሟቹ ብቻ ነው። የራሴ ሞት አያገኘኝም፤ የወዳጄ ሞት ግን በቁሜ ያገኘኛል፤ ስሜቴም ያን ጊዜ አልጠፋም። ኤፊቆሮስ ደግሞ በዚያ በሁለተኛው ወገን፣ ያለ ሜትሮዶሮስ፣ ሰባት ዓመት ኖሯል። ስለዚህ 20ኛውን ቀን ያዘዘው ሞትን ፈርቶ ሳይሆን፣ ሰው ከወዳጆቹ ጋር የኖረው ኑሮ ከመካከላቸው አንዱ ሲሄድ ለሌሎቹ እንደማያበቃ ስላወቀ ነው ብዬ አነባለሁ።

(ምስል፦ እንፋሎት የሚወጣበት የነሐስ ገንዳ)

የመጨረሻ ቀኑ ይህን ንባብ የሚያግዝ ይመስለኛል። በ72 ዓመቱ የኩላሊት ጠጠር ሽንቱን ዘግቶበት ለ14 ቀናት ከታመመ በኋላ፣ ሙቅ ውኃ በተሞላ የነሐስ ገንዳ ውስጥ ገብቶ፣ ያልተበረዘ ወይን ጠጅ ጠጥቶ፣ ትምህርቱን እንዲያስታውሱ ወዳጆቹን አሳስቦ ሞተ። በዚያው ሰሞን ለሌላ ወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ ሕመሙ ከዚህ ሊብስ እንደማይችል ይናገራል፤ ነገር ግን ከዚሁ ወዳጁ ጋር የተጨዋወተውን ሲያስብ የሚሰማው ደስታ ሕመሙን ይመክትለታል። የደብዳቤው መዝጊያ ልመና ነው፦ የሜትሮዶሮስን ልጆች አደራ፣ ይላል። በኑዛዜውም ሴቲቱ ልጅ ለአካለ መጠን ስትደርስ የምትዳርበትን ገንዘብ ከንብረቱ እንዲሰጧት ጽፏል።

ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒ በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሲጽፍ፣ የኤፊቆሮስን መልክ በየቤታቸው የሚያኖሩና በየወሩ 20ኛውን ቀን የሚያከብሩ ሰዎች በዘመኑ እንደነበሩ ይነግረናል። በዓሉንም የሚጠሩት በቀኑ ቁጥር ነበር፤ በግሪክኛ ሃያ ብለው።