ወረቀታችሁን ለማያውቃችሁ ሰው

በባሕር ዳር ለመምህራንና ለትምህርት ተመራቂዎች የተዘጋጀ ንግግር

የተከበራችሁ መምህራን፣ ዘንድሮ የምትመረቁ ልጆቻችን፣ ከመራዊ፣ ከሐሙሲትና ከዘጌ የመጣችሁ የሙያ ጓደኞቼ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ። ብዙ መምህራን በውጭ አገር ያለ የኢንተርናሽናል ትምህርት ቤት የቅጥር ማስታወቂያ ይከፍታሉ። ሦስተኛው መስመር ላይ ሲደርሱ ይዘጉታል። "ይሄ ለኛ አይደለም" ይላሉ። እንዲህ የሚሉት እዚሁ ጣና ዳር፣ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ ውስጥ ሒሳብና ፊዚክስ ጠንቅቀው የተማሩ፣ በአንድ ክፍል ስድሳ ተማሪ ይዘው የሚያስተምሩ ሰዎች ናቸው። ይህ ያሳዝነኛል። በእርግጥ ለእኛ የተዘጋ በር አለ፤ እሱንም ሳልደብቅ እነግራችኋለሁ። ነገር ግን ሳናንኳካ የምንተወው በርም ብዙ ነው።

ማስታወቂያ ስታነቡ እያንዳንዱ መስመር ላይ ቆም በሉና "ይህን የሚጠይቀው ማን ነው?" በሉ። በአንድ ዝርዝር ውስጥ ሦስት ጠያቂዎች ተቀላቅለው ይቀመጣሉ። አንዱ የአገሩ መንግሥት ነው። ቪዛና የሥራ ፈቃድ የሚሰጠው እሱ ነውና የእሱ መስፈርት አይለመንም። ሁለተኛው ትምህርት ቤቱ ራሱ ነው። ሦስተኛው ለትምህርት ቤቱ እውቅና የሚሰጠው ወይም ሥርዓተ ትምህርቱን ያዘጋጀው ድርጅት ነው። ሦስቱ እኩል ጥብቅ አይደሉም።

ቻይናን እንውሰድ። የውጭ አገር የቋንቋ መምህር በመደበኛው ደንብ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ነው የሚያስተምረው። ስለዚህ የእንግሊዝኛ መምህር የሆናችሁ፣ ችሎታችሁ የቱንም ያህል ቢሆን፣ እዚያ ትቸገራላችሁ። ይህ ትምህርት ቤቱ ቢወዳችሁ እንኳ የሚፈታው ነገር አይደለም። ደንቡ ግን የሚናገረው ስለ ቋንቋ መምህር ነው። የኬሚስትሪ መምህር ሌላ ጉዳይ ነው። ታይላንድ ደግሞ ኩሩሳፋ የሚባለው የመምህራን ምክር ቤት የማስተማር ፈቃድ ይጠይቃል፤ ሙሉውን ላላሟላ ሰው በትምህርት ቤቱ በኩል የሚጠየቅ ጊዜያዊ ፈቃድም አለው። ይህን ያላወቀ ሰው "ፈቃድ የለኝም" ብሎ ማስታወቂያውን ይዘጋል።

አይቢ የሚለው ቃል ብዙ ሰው ያስደነግጣል። አይቢ (ኢንተርናሽናል ባካሎሬት) በፈረንጆቹ 1968 ጄኔቫ ላይ የተመሠረተ ድርጅት ነው። የራሱ ሥርዓተ ትምህርት አለው። ለመምህር ግን የማስተማር ፈቃድ አይሰጥም። መምህራን በፕሮግራሙ እንዲሠለጥኑ የሚፈልገው ከትምህርት ቤቱ ነው፤ ሥልጠናውም ብዙ ጊዜ ከተቀጠራችሁ በኋላ የሚመጣ ነው። ማስታወቂያው "የአይቢ ልምድ ቢኖር ይመረጣል" ካለ፣ "ይመረጣል" ነው ያለው። አመልክቱ።

አሁን ወደ ተዘጋው በር። የእንግሊዝ መንግሥት ለመምህራን የሚሰጠው ኪው ቲ ኤስ የሚባል እውቅና አለ። በብሪታንያ ሥርዓት የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች ይወዱታል። በፌብሩዋሪ 2023 እንግሊዝ ለተጨማሪ አገሮች መምህራን ይህን እውቅና በቀጥታ የሚያመለክቱበት መንገድ ከፈተች። ጋና፣ ናይጄሪያ፣ ደቡብ አፍሪካና ዚምባብዌ ገቡ። ያኔ በወጣው ዝርዝር ኢትዮጵያ የለችም። ይህ ያማል፤ የመምህሮቻችን ጥረት ከማንም አያንስምና። ግን ሌላውንም ጎን እወቁ። እዚያው እንግሊዝ ውስጥ የግል ትምህርት ቤቶች ኪው ቲ ኤስ ያለው መምህር ብቻ እንዲቀጥሩ ሕግ አያስገድዳቸውም። ከእንግሊዝ ውጭ ያሉት ደግሞ በአገሩ ሕግና በራሳቸው ምርጫ ነው የሚሠሩት።

እዚህ ላይ አደራ የምላችሁ ነገር አለ። ፒ ጂ ሲ ኢ የሚባለውን፣ ከዲግሪ በኋላ የሚወሰድ የእንግሊዝ የመምህርነት ኮርስ ለውጭ ተማሪዎች በርቀት የሚሰጡ ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። ጥሩ ትምህርት ነው። ብቻውን ግን ኪው ቲ ኤስ አያስገኝም። ከእንግሊዝ ውጭ ሆኖ በሥልጠና ወደ ኪው ቲ ኤስ የሚያደርሰው አይ ኪው ቲ ኤስ የሚባለው ነው። ሁለቱን ሳትለዩ ቤተሰብ የቆጠበውን ገንዘብ እንዳታወጡ።

አሁን ወደ ወረቀታችን ልምጣ። ብዙ የምቆየው እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም በአብዛኛው የምንጣለው እዚህ ነው።

ወረቀታችሁን የሚያነበው ሰው ስለ እኛ ምንም አያውቅም። ባሕር ዳርን በካርታ ላይ አያውቃት ይሆናል። ፒ ጂ ዲ ቲ ምን እንደሆነ ሰምቶ አያውቅም። ሲቪያችሁ ላይ ስሙን ብቻ ጽፋችሁ ካለፋችሁ፣ ለእሱ የሆነ አጭር ኮርስ ነው። ከዲግሪ በኋላ የሚሰጥ የመምህርነት ሥልጠና መሆኑን፣ ምን ምን ኮርስ እንደወሰዳችሁ፣ ተግባር ልምምዱን በየትኛው ትምህርት ቤት ስንት ሳምንት እንደሠራችሁ በሁለት መስመር ጻፉ። በቢ ኤድ (በመምህርነት የመጀመሪያ ዲግሪ) የተመረቃችሁም እንዲሁ። የሙያ ፈቃድ ምዘና አልፋችሁ ከሆነ፣ በደረጃ እድገት ከፍተኛ መምህር ወይም መሪ መምህር ደርሳችሁ ከሆነ፣ ያንንም አብራሩት። እኛ ዘንድ ክብር ያለው ማዕረግ እዚያ ስም ብቻ ነው፤ ካላብራራነው።

ቀጥሎ የዘመን አቆጣጠር። ይህን ስናገር ብዙዎቻችሁ ቤት ገብታችሁ ደብዳቤያችሁን እንደምታዩ ተስፋ አደርጋለሁ። የሥራ ልምድ ደብዳቤያችን "ከመስከረም 2010 ጀምሮ" ይላል። ዩኒቨርሲቲው የሰጠው ዲግሪ ደግሞ በፈረንጅ አቆጣጠር "ጁላይ 2017" ይላል። እኛ እናውቃለን፤ በሐምሌ ተመርቆ በመስከረም ሥራ ጀመረ ማለት ነው። ለውጭ አንባቢ ግን ሰውየው ከመመረቁ በፊት ሰባት ዓመት ያስተማረ ይመስላል። ውሸታም ሳይሆን ውሸታም ይሆናል። ማንም ደውሎ አይጠይቃችሁም፤ ፋይሉን ወደ ጎን ያደርጋል። ደብዳቤው በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ቀኑ በፈረንጅ አቆጣጠር እንዲሆን ርዕሰ መምህሩን ለምኑ፤ ካልሆነም ሁለቱም አቆጣጠር ይግባበት።

የስም ነገርም እንዲሁ ነው። ዲግሪው ላይ የአባት ስም በአንድ ዓይነት ፊደል፣ ፓስፖርቱ ላይ በሌላ ይጻፋል። የ"ጸ"፣ የ"ቀ"፣ የ"ኘ" አጻጻፍ በየቢሮው ይለያያል። ፓስፖርት ሳታወጡ ዲግሪውን ይዛችሁ ሂዱና አንድ አድርጉት።

ኦሪጅናል ዲግሪ ያላወጣችሁ ጊዜ አትስጡ። በቴምፖ (በጊዜያዊው ሠርተፊኬት) ማመልከት ይቻል ይሆናል፤ ለሥራ ፈቃድ ግን ዋናውን የሚጠይቁ ብዙ ናቸው። የኮስት ሸሪንግ (የትምህርት ወጪ መጋራት) ጉዳያችሁን አሁን ጨርሱ። ከዚያ ሰነዱ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል፤ የምትሄዱበት አገር ኤምባሲም ያረጋግጠዋል። ከፌደራል ፖሊስ አሻራ ሰጥታችሁ የምታወጡት ከወንጀል ነፃ ማስረጃም አለ። ይህ ሁሉ መመላለስ ይጠይቃል። ሥራ ካገኛችሁ በኋላ ከጀመራችሁት ይረፍድባችኋል። ብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች ለኦገስት መምህር የሚፈልጉት በእኛ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነውና።

ሬፈረንስ፣ ማለትም የአሠሪያችሁ ምስክርነት፣ ሌላው ማነቆ ነው። እኛ ማኅተም ያለው ደብዳቤ እናምናለን። እነሱ በእጃችሁ የያዛችሁትን ደብዳቤ ብዙም አያምኑም። በቀጥታ ለርዕሰ መምህሩ ኢሜይል ይልካሉ፤ እናንተ የማታዩት ፎርም ያስሞላሉ። ርዕሰ መምህሩ ኢሜይሉን በወር አንዴ የሚያይ ከሆነ፣ ወይም ኔትወርክ ከጠፋ፣ ማመልከቻችሁ እዚያው ይሞታል። ቀድማችሁ ንገሩት። ቁጭ ብላችሁ አብራችሁ ክፈቱት። እዚህ አዳራሽ ያላችሁ ርዕሳነ መምህራን ደግሞ እባካችሁ መልሱላቸው። የአንድ መምህር እንጀራ በእናንተ አሥር ደቂቃ ላይ የሚንጠለጠልበት ጊዜ አለ።

ይህ ጥብቅነት ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። ልጆችን የጎዱ ሰዎች ከአገር አገር እየተዘዋወሩ ይቀጠሩ ነበር። በፈረንጆቹ 2014 ዓለም አቀፍ የትምህርት ድርጅቶች በጋራ የሕፃናት ጥበቃ ግብረ ኃይል አቋቋሙ። ከዚያ ወዲህ የቅጥር ማጣራቱ ጠበቀ። ለዚህ ነው በሲቪያችሁ ላይ ክፍት የሆነ ጊዜ ካለ የሚጠይቋችሁ። በክልላችን ሁኔታ ትምህርት ቤታቸው ተዘግቶ ወራትና ዓመታት ያለ ክፍል የቆዩ መምህራን አሉ። አታፍሩበት፤ ጥፋቱ የእናንተ አይደለም። "ከዚህ እስከዚህ ትምህርት ቤቱ በጸጥታ ምክንያት ተዘግቶ ነበር" ብላችሁ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ባዶ ከተተወ ግን አንባቢው በራሱ ይሞላዋል።

ቃለ መጠይቅ ላይም ስለ ልጆች ይጠይቋችኋል። አንድ ተማሪ ቤት ውስጥ እንደሚመታ ቢነግራችሁ ምን ታደርጋላችሁ? መልሱ "እመክረዋለሁ፣ ወላጁን ጠርቼ አስታርቃለሁ" ከሆነ አበቃ። የሚፈልጉት ምስጢር እጠብቃለሁ ብላችሁ ቃል ሳትገቡ፣ የሰማችሁትን መዝግባችሁ፣ ወዲያው ለሚመለከተው የሕፃናት ጥበቃ ኃላፊ እንድታሳውቁ ነው። አለንጋ፣ ኩርኩም፣ ማንበርከክ ደግሞ በጭራሽ። ይህን ለቃለ መጠይቅ ብላችሁ አትሸምድዱት። ነገ ጠዋት መራዊ ላይ ክፍል ስትገቡ ጀምሩት።

የስድሳ ተማሪ ክፍል ልምዳችሁን ደግሞ አትደብቁ። ብዙ መምህር "እነሱ ሃያ ተማሪ ነው ያላቸው፣ የኔ ልምድ አይቆጠርም" ይላል። ይቆጠራል፣ በማስረጃ ከመጣ። "ጎበዝ መምህር ነኝ" አይበቃም። የትኛው ርዕስ ላይ ተማሪዎቻችሁ ተቸገሩ፣ በምን አወቃችሁ፣ ምን ቀየራችሁ፣ ከዚያ በኋላ ፈተናው ምን አሳየ? አንድ እንዲህ ያለ እውነተኛ ታሪክ ከደብተር ናሙና ጋር የያዘ ሰው፣ ሠርተፊኬት ከደረደረው ይልቅ ይሰማል።

ለሥራ ክፈሉ የሚላችሁ ሰው ካለ ራቁ። ትክክለኛ ትምህርት ቤት ለመቅጠር ከመምህር ገንዘብ አይቀበልም። "ኢንተርናሽናል" የሚለው ስም ብቻም አያታልላችሁ፤ የትኛው ድርጅት እውቅና እንደሰጠው ጠይቁና በዚያ ድርጅት ድረ ገጽ ላይ ፈልጉት።

"መምህራኑን ወደ ውጭ እየገፋህ ነው" የሚለኝ ሰው አለ። ስጋቱ ይገባኛል፤ የመምህር እጥረት ያለበት ክልል ነው። እኔ ግን መምህሩ የት እንደሚሠራ አውቆ እንዲወስን ነው የምፈልገው። ዘጌ የሚቀር ወድዶ ይቅር። የሚሄድም ከእነ ክብሩ ይሂድ።

አሁን ሻይ አለ። ከሻይ በኋላ የሥራ ልምድ ደብዳቤና ሲቪ የያዛችሁ ወደ ፊት ቅረቡ፤ ቀኑንና ስሙን አብረን እናያለን። ርዕሳነ መምህራንም ሳትሄዱ ኢሜይላችሁን እዚሁ እንክፈት።