ሰቅሎ መሄድ ይብቃ፦ በማሞቂያ ባለሙያዎችና በቤት ባለቤቶች ዓመታዊ ስብሰባ የቀረበ ንግግር

ክቡራትና ክቡራን፣ የማሞቂያና የማቀዝቀዣ ባለሙያዎች፣ የቤት ባለቤቶችና ተከራዮች፤ እንደምን አመሻችሁ።

ባለፈው ዓመት እዚሁ አዳራሽ ስለ መስኮትና በር ክፍተት ተነጋግረን ተለያይተናል። የዘንድሮው ርዕስ «ቴርሞስታትን ለምቾትና ለቁጠባ ማስተካከል» ነው፤ ቴርሞስታት የቤቱን ሙቀት እያየ ማሞቂያውን የሚያበራና የሚያጠፋው የግድግዳ መሣሪያ ነው። ርዕሱን አልሸሸውም፤ የመጣሁት ግን ለአንድ ጉዳይ ስለሆነ እሱን ላስቀድም። ፕሮግራም የሚቀበል ቴርሞስታት በራሱ አንዲት ሳንቲም አይቆጥብም። የሚቆጥበው ውስጡ የተሞላው የጊዜ ሰሌዳ ነው። ሰሌዳው ካልተሞላ ግድግዳው ላይ ያለው ውድ ሰዓት ነው፤ ያውም ባትሪው እስኪያልቅ።

የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ለእነዚህ መሣሪያዎች ይሰጥ የነበረውን «ኢነርጂ ስታር» የተባለ የኃይል ቁጠባ ምልክት እ.ኤ.አ. በ2009 መጨረሻ ላይ አቁሟል። መሣሪያው ተበላሽቶ አይደለም። ሰሌዳውን ለተከተለ ሰው ቁጠባው አለ፤ ግን ብዙው ሰው አይሞላውም፣ የሞላውም በእጁ ይሽረዋል። ምልክቱ ቃል የገባው ቁጠባ ቤት ውስጥ ሲፈለግ ታጣ።

ለምን እንደሚሽረው ታውቃላችሁ። አንድ ሰው ማታ ከሥራ ይመጣል። ቤቱ 16 ዲግሪ ነው፤ በርዶታል። ኮቱን ሳያወልቅ ወደ ቴርሞስታቱ ሄዶ 30 ላይ ያደርሰዋል፤ ቶሎ ይሞቅልኛል ብሎ። ተራው ማሞቂያ ግን የሚያውቀው መብራትና መጥፋት ብቻ ነው። 21 ብትሉትም 30 ብትሉትም በዚያው ጉልበት ይነዳል፤ 21 ላይ የሚደርሰውም በዚያው ደቂቃ ነው። ልዩነቱ 21 ላይ አለመቆሙ ነው። ሰውየው እራቱን በልቶ ሶፋው ላይ ሸለብ ያደርገዋል፤ ላብ አጥምቆት ይነቃና መስኮት ይከፍታል። አሁን ማሞቂያው ይነዳል፣ ሙቀቱ በመስኮት ይወጣል። ተነሥቶ 20 ላይ ያወርደውና እንዳይነካብኝ ብሎ «ሆልድ» (ባለበት ይቆይ) የሚለውን ይጫናል። ያቺ አንዲት ቁልፍ ሰሌዳውን ገደለችው! ከዚያች ማታ ጀምሮ ክረምቱ እስኪወጣ ቤቱ ሰው ኖረም አልኖረም 20 ላይ ነው። ወሩ ሲያልቅ ሂሳቡን አይቶ «ይሄ ዲጂታል ነገር ውሸት ነው» ይላል።

እና በሰውየው እንስቃለን? አይገባንም። ጥፋቱ የኛ የባለሙያዎች ነው! አራት ሽቦ አስሮ፣ ክዳኑን ገጥሞ፣ «መመሪያው ካርቶኑ ውስጥ አለ» ብሎ ደረሰኝ መቁረጥ ገጠማ አይባልም። ባለቤቱን ስንት ሰዓት ትነሣለህ፣ ስንት ሰዓት ትወጣለህ፣ ቀን ቤት የሚውል ሰው አለ ወይ ብላችሁ ሳትጠይቁ ከወጣችሁ ሥራው አላለቀም! ሰሌዳውን መሙላት አሥር ደቂቃ ቢወስድ ነው።

ከፋብሪካ ተሞልቶ በሚመጣው ሰሌዳም አትመኩ። የተለመደው ከጠዋቱ 12 ሰዓት 21 ዲግሪ፣ ከ2 ሰዓት ጀምሮ 17፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት እንደገና 21፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ 17 ነው። ለቢሮ ሠራተኛ ይሆን ይሆናል። ሌሊት ለሚሠራ ነርስ ወይም ሕፃን ላለበት ቤት ግን ተገልብጦ የተሰፋ ልብስ ነው። ሲሞላም የመነሻው 6፡00 (የኛ 12 ሰዓት) ላይ ኤኤም (ጠዋት) እና ፒኤም (ማታ) ከተምታታ ቤቱ ጠዋት ሳይሞቅ ይቀራል፤ «ተበላሸ» ከሚባለው ቴርሞስታት አንዱ ይሄ ነው።

አንድ የማይሞት ወሬ ደግሞ አለ፦ «ቤት ቀዝቅዞ እንደገና ሲሞቅ የበለጠ ይበላል» የሚል። ስሩ የተሰነጠቀ እንስራ አስቡ። ውሃው በሞላ ቁጥር በስንጥቁ የሚወጣው ይበረታል፤ ሲጎድል ይቀንሳል። ቤትም እንደዚያው ነው፤ የሚያፈሰው ሙቀት የውስጡና የውጪው ልዩነት ያህል ነው። ውጪ 0 ሆኖ ውስጥ 20 ከሆነ ልዩነቱ 20 ነው። ውስጡን 16 ስታደርጉት ልዩነቱ 16 ሆነ፤ አንድ አምስተኛው ፍሳሽ ቀረ። በቀን 8 ሰዓት ብቻ እንዲህ ቢሆን የቀኑ ፍጆታ ከ6 እስከ 7 በመቶ ይቀንሳል፤ ቤቱ ወዲያው ስለማይቀዘቅዝ ትንሽ ይጎድላል። መልሶ ለማሞቅ የምትከፍሉት ቤቱ ሲቀዘቅዝ ያልከፈላችሁትን ነው። የአሜሪካ ኢነርጂ መሥሪያ ቤትም በቀን ለ8 ሰዓት ከ4 እስከ 5 ዲግሪ ተኩል ገደማ ዝቅ ማድረግ በዓመት እስከ 10 በመቶ ሊያድን ይችላል ይላል።

ወሬው እውነት የሚሆንበት አንድ ቦታ ሂት ፓምፕ ነው፤ ይህ ከውጪ ሙቀት እየሳበ ወደ ቤት የሚያስገባ ማሞቂያ ነው። ሌሊት 4 ዲግሪ አውርዳችሁ ጠዋት በአንዴ ስታስነሡት ፓምፑ ብቻውን አይደርስም ብሎ ቴርሞስታቱ ረዳቱን የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ይጠራል። ያ ረዳት ለዚያው ሙቀት ሁለት ሦስት እጥፍ መብራት ይበላል፤ የሌሊቱ ቁጠባ በአንድ ጠዋት ይሄዳል። ስክሪኑ ላይ «ኦክስ ሂት» የሚል ጽሑፍ በየጠዋቱ ካያችሁ ይሄ ነው። መፍትሔው ከ1 እስከ 1.5 ዲግሪ በላይ አለማውረድ፣ ወይም ለሂት ፓምፕ የተሠራ፣ ቀስ እያለ የሚያስነሣ ቴርሞስታት መግጠም ነው። ኮንክሪት ውስጥ የተቀበረ የወለል ማሞቂያም ለመሞቅ ሰዓታት ስለሚፈጅ አንድ ቦታ ላይ ተዉት።

አሁን ስለ አሞላሉ። ሰዎች ሲነሡ 20፣ ሲወጡና ሲተኙ 16 ወይም 17፤ ከዚህ ጀምሩና በሁለት ሳምንት ውስጥ ግማሽ ግማሽ ዲግሪ እያደረጋችሁ አስተካክሉ። ቤቱ ከ17 ወደ 20 ለመውጣት ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅበት አንድ ጠዋት በሰዓት ለኩ። 45 ደቂቃ ከሆነ ከመነሣታችሁ 45 ደቂቃ ቀድሞ እንዲበራ ሙሉት። ቀድሞ የማሞቅ ችሎታ ያለው መሣሪያ ከሆነ ግን የምትነሡበትን ሰዓት ብቻ ስጡት፤ አለዚያ ሁለታችሁም ቀድማችሁ ቤቱ ገና በሌሊት ይሞቃል። ለአንድ ማታ ለየት ያለ ሙቀት ካሻችሁ የላይና የታች ቀስቶቹን ብቻ ንኩ፤ በአብዛኞቹ መሣሪያዎች ላይ ለውጡ እስከሚቀጥለው የሰሌዳ ሰዓት ቆይቶ ይጠፋል። «ሆልድ» ለጉዞ ነው።

ለባለሙያዎች በአጭሩ፦ መጀመሪያ ብሬከሩን አጥፉ፣ አሮጌውን ከመንቀላችሁ በፊት ሽቦዎቹን ፎቶ አንሡ። የሽቦ ቀለም አትመኑ፤ ሽቦው የታሰረበትን ፊደል እዩ። 24 ቮልት የሚሠራበትን መሣሪያ በ120 ወይም በ240 ቮልት የግድግዳ ማሞቂያ ላይ ካሰራችሁት ይቃጠላል። የሲ ሽቦ፣ ማለትም ለቴርሞስታቱ የማያቋርጥ ኃይል የሚሰጠው ሽቦ፣ በሌለበት ቤት ዋይፋይ ያለው ቴርሞስታት ኃይል አጥሮት እየጠፋ ሊበራ ይችላል። በሰዓት ስንት ጊዜ ይብራ የሚለውን ቁጥርም አስተካክሉ፦ ለእንፋሎት ማሞቂያ 1፣ ለሙቅ ውሃ ማሞቂያና ብቃቱ ከ90 በመቶ በላይ ለሆነ የአየር ማሞቂያ 3፣ ለተራው የጋዝ አየር ማሞቂያ 5። ቦታው የውስጥ ግድግዳ ላይ፣ 1.5 ሜትር ከፍታ፣ ከፀሐይ፣ ከመብራትና ከቴሌቪዥን የራቀ ይሁን። ሽቦው የሚወጣበትን ቀዳዳ ድፈኑት። ክፍተቱ ከግድግዳው ውስጥ ቀዝቃዛ አየር እያወጣ ሴንሰሩ ላይ ካስነፈሰ ቤቱ ሞቆም ማሞቂያው አይጠፋም፤ ይህን ሳያዩ ቴርሞስታት የሚቀይሩ አሉ።

በበጋ የማቀዝቀዣውን ማራገቢያ «ኦቶ» (ከማቀዝቀዣው ጋር የሚበራና የሚጠፋ) ላይ ተዉት። «ኦን» (ሁልጊዜ የሚሠራ) ላይ ከሆነ ኮምፕረሰሩ (የማቀዝቀዣው ሞተር) ሲቆም በቀዝቃዛው ኮይል (ቱቦ) ላይ የቀረውን ውሃ መልሶ ወደ ቤት ይነፍሰዋል። ሰው ሲወጣ ሁለት ሦስት ዲግሪ ከፍ ማድረግ ነው እንጂ ማጥፋት አያስፈልግም። በብርድ ጊዜ ደግሞ አረጋዊ፣ ሕመምተኛ ወይም ጨቅላ ባለበት ቤት ከ18 በታች አትውረዱ፤ የዓለም የጤና ድርጅትም ለቅዝቃዜ ወቅት በዝቅተኛነት የሚመክረው ይህንኑ ነው።

ከአዳራሹ በስተኋላ ጠረጴዛ ላይ ሦስት ዓይነት ቴርሞስታት ከነሽቦው ተሰክቶ ተቀምጧል። ባለቤቶች የምትነሡበትንና የምትወጡበትን ሰዓት በወረቀት ጽፋችሁ ኑ፤ ባለሙያዎች ከአጠገባቸው ቁሙ፣ ቁልፉን ግን እነሱ ይጫኑ።